ርካሹ የጨዋታ መሣሪያ ይገዛልን?

በዛሬው ዘመን በከተማችን የሚኖር ወጣት፥ ሀብታምም ይሁን ድኻ፥ በቴሌቪዥን ላይ የሚሠራውን የኤሌክትሪክ ጨዋታ የማያውቅ አይገኝም ቢባል ማጋነን አይሆንም። መሣሪያው በቤቱ የሌለው ልጅ እንኳ ከትምህርት ቤት ሲወጣ በሰፈሩ ወደሚገኘው ፕሌይስቴሽን ቤት ጎራ ብሎ፥ ለአንድ ጨዋታ ጥቂት ብር ከፍሎ፥ ኳሱን ተጫውቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ስለ ጨዋታው ደግነትና ክፋት ወላጆችና መምህራን ብዙ ተናግረዋል፤ እኔ ዛሬ በዚያ ክርክር ውስጥ አልገባም። ለመጻፍ ያሰብኩት ከዚያ ይልቅ ጠበብ ስላለ፥ ነገር ግን የብዙ ቤተ ሰብን ኪስ ስለሚነካ ጉዳይ ነው። ይኸውም ፋብሪካዎች አንዱን መሣሪያ በሁለት ዐይነት፥ ማለት አንዱን ሙሉ አድርገው በውድ ዋጋ፥ ሁለተኛውን አንዳንድ ነገር ቀንሰውለት በርካሽ ዋጋ ሲሸጡ፥ ርካሹን መግዛት ያዋጣል ወይስ አያዋጣም የሚለው ጥያቄ ነው።

ጥያቄው ለእኔ የወሬ ጥያቄ አይደለም። በአሜሪካን አገር የሚኖሩት አክስቴ በዚህ ዓመት ለበዓል ሲመጡ ለታናሽ ወንድሜና ለእኔ አንድ መሣሪያ ይዘውልን እንዲመጡ ተስማምተን፥ ከዋጋው እኩሌታውን እርሳቸው፥ እኩሌታውን አባቴና እኛ ከቈጠብነው እንድንከፍል ተወሰነ። አክስቴም በስልክ «የቱን ላምጣ? ትልቁን ነው ወይስ ትንሹን?» ብለው ጠየቁ። አባቴ ደግሞ በበኩላቸው «ስሙ አንድ፥ ፋብሪካው አንድ፥ ታዲያ ይህ ሁለት መቶ ዶላር የሚበልጠው ለምኑ ነው?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፥ ቀድሞ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ቀድሞ 11 ሺህ 400 ብር የነበረው ሁለት መቶ ዶላር ከ20 ሺህ ብር በላይ ሆነ ማለት ነው። ይህም በደመወዝ ለሚተዳደር ቤት ቀላል ገንዘብ አይደለም። ስለዚህ መልስ ከመስጠቴ በፊት ነገሩን መመርመር ያዝኩ፤ ያገኘሁትንም ለሌላው ይጠቅም እንደሆነ ብዬ እነሆ ጻፍኩት። ከዚህ በታች ስለ ውጭ አገር መሣሪያዎች የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ ኩባንያው ትርፉን ከወዴት እንደሚያገኝ ማወቅ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው መሣሪያውን በመሸጥ የሚያተርፍ ይመስለዋል። ዳሩ ግን በ2021 በአሜሪካን አገር ኤፒክና አፕል የተባሉት ኩባንያዎች ሲካሰሱ፥ ለምስክርነት የቀረቡት የማይክሮሶፍት የሥራ ኀላፊ ኩባንያቸው ኤክስቦክስ የተባለውን መሣሪያ አትርፎ ሸጦ እንደማያውቅ ለፍርድ ቤቱ ተናግረዋል። ትርፉ የሚመጣው መሣሪያው ከተሸጠ በኋላ ከጨዋታዎቹ ነው። ነገሩ ፋኖስ ሻጭንና ነጭ ጋዝን ይመስላል። ነጋዴው ፋኖሱን በርካሽ ቢሰጠንና ጋዙን ግን ከእርሱ ሱቅ ብቻ እንድንቀዳ ቢያደርግ፥ በፋኖሱ ያጣውን በጋዙ ይክሳል። እንግዲህ ርካሽ መሣሪያ ባየን ጊዜ ሁሉ ልንጠይቀው የሚገባን «ስንት ቀነሰልኝ?» ብቻ ሳይሆን፥ «ምኑን አወጣበት? ካሁን በኋላስ ጋዜን ከየት እቀዳለሁ?» የሚለውንም ነው።

መሣሪያን እየቀነሱ መሸጥ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ማይክሮሶፍት በ2005 መጨረሻ ኤክስቦክስ 360 የተባለውን ሲያወጣ ሁለት ዐይነት አድርጎት ነበር፤ ሙሉው 399.99 ዶላር፥ ኮር የሚባለው 299.99 ዶላር። ኮር የተባለው ተጫዋቹ የደረሰበትን ደረጃ የሚያኖርበት ሃርድ ዲስክ አልነበረውም፤ ጆይስቲኩም ባለ ሽቦ ነበር። ርካሹን ገዝቶ ሃርድ ዲስክ ያማረው ሰው ሃርድ ዲስኩን ለብቻው በ99.99 ዶላር ይገዛል። ድምሩን ያዩዋል፤ 399.98 ዶላር። ያተረፈው አንዲት ሳንቲም ብቻ ነው፤ ጆይስቲኩም አሁንም ባለ ሽቦ ነው። ይህን ስሌት ለአባቴ ባሳየኋቸው ጊዜ በጣም ሣቁ፤ በ2007 ኮር ቀርቶ ሌላ ሲተካውም ያዘነለት ብዙ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ሶኒ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በእጅ የሚያዘውን ፒኤስፒን በሁለት ተቃራኒ መንገድ ቀንሶት ነበርና ታሪኩ ትምህርት አለው። በ2009 ፒኤስፒ ጎ የሚባለውን አወጣ። ይህ ትንሽና ውብ ነበር፤ ነገር ግን የጨዋታውን ሲዲ የሚቀበልበት ማስገቢያ አልነበረውም፤ ጨዋታውን ሁሉ ከኢንተርኔት ማውረድ ግድ ነበረ። ይህም ሁሉ ጎድሎት ዋጋው 249.99 ዶላር፥ ማለት ከሙሉው ፒኤስፒ በላይ ነበር። በ2011 መሠራቱ ቀረ። በዚያው ዓመት ሶኒ ለአውሮፓ ገበያ ሌላ ፒኤስፒ በ99.99 ዩሮ አወጣ። ይኸኛው ደግሞ የሽቦ አልባውን ኢንተርኔት ትቶ፥ ከሁለቱ ድምፅ ማጉያ አንዱን ቀንሶ፥ የሲዲ ማስገቢያውን ግን አልነካም። ሁለቱም «የተቀነሱ» ናቸው፤ ነገር ግን አንዱ የጨዋታውን መግቢያ በር ዘግቶ መስኮቱን ከፈተ፥ ሌላው መስኮቱን ዘግቶ በሩን ከፍቶ ተወው።

እንዲሁም ኒንቴንዶ በ2012 መጨረሻ በመጀመሪያ በካናዳ፥ በሚቀጥለው ዓመት በአውሮፓና በአሜሪካን አገር ዊ ሚኒ የተባለውን ሸጧል። በካናዳ ዋጋው 99.99 የካናዳ ዶላር ነበር። ኢንተርኔት ፈጽሞ የለውም፤ የማስታወሻ ካርድ አይቀበልም፤ የቀድሞውን የጌምኪዩብን ጨዋታ አያጫውትም፤ ሥዕሉም የጠራ አይደለም። በውጭ አገር ጋዜጠኞች ብዙ ተዘባበቱበት። እኔ ግን የርሱን ዝርዝር ሳነብ፥ «ይህስ ለእኛ ሰፈር የተሠራ ነው» አልኩ፤ ምክንያቱም ሲዲውን ከላይ ከፍተው ካስገቡለት ያለ ማንም ርዳታ ይሠራልና። ያስቀሩበት ሁሉ እኛ ዘንድ ከመጀመሪያውም ያልነበረ ነገር ነው።

መቀነስ ሁልጊዜ ማጉደል እንዳልሆነ የሚያሳይ ሌላም ምሳሌ አለ። በ2013 ኒንቴንዶ 2ዲኤስ የሚባለውን በ129.99 ዶላር አወጣ። ከ3ዲኤስ የተለየበት፥ ሥዕሉን ያለ መነጽር ወደ ፊት የወጣ አስመስሎ የሚያሳየው ጥበብ ስለቀረና እንደ መጽሐፍ መታጠፉ ስለተተወ ነው። ያንን ጥበብ ራሱ ኒንቴንዶ ዕድሜያቸው ስድስትና ከስድስት ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት እንዲዘጋ ይመክር ስለነበረ፥ ለትንሽ ልጅ የሚገዛ ወላጅ ምንም አላጣም። በ2019 የወጣው ስዊች ላይትም 199.99 ዶላር ሆኖ ከሙሉው ስዊች 100 ዶላር ይቀንስ ነበር። በቴሌቪዥን ላይ አይሠራም፤ ጆይስቲኩም ከመሣሪያው ጋር የተጣበቀ ስለሆነ አንዱ ቢበላሽ መሣሪያው በሙሉ ወደ ጠጋኝ ይሄዳል። ሆኖም እንደ ትልቁ ሁሉ ጨዋታውን በትንሽ ካርድ ይቀበላል፤ ካርዱም ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። ብቻውን ለሚጫወት ልጅ መልካም ነው፤ ወንድም ለበዛበት ቤት ግን ጠብ ያመጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፥ አክስቴ «ትንሹ» ወዳሉት ልመለስ። ማይክሮሶፍት በኖቬምበር 10 ቀን 2020 ሁለት መሣሪያ በአንድ ቀን አወጣ፤ ትልቁ ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ በ499.99 ዶላር፥ ትንሹ ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስ በ299.99 ዶላር። በመካከላቸው ያለውን ልዩነት እንደሚከተለው አገኘሁት። ሒሳቡን የሚሠራው ዋናው አንጐል በሁለቱም ዘንድ አንድ ነው ለማለት ይቻላል፤ ሁለቱም ስምንት ክፍል ያላቸው ሆነው የትልቁ ፍጥነት በጥቂት ብቻ ይበልጣል። ሥዕሉን የሚሠራው ክፍል ግን እጅግ ይለያያል። ትልቁ በሴኮንድ 12 ትሪሊዮን ያህል ስሌት ሲሠራ ትንሹ የሚሠራው 4 ትሪሊዮን ነው። የሥራ ማስታወሻው በትልቁ 16 ጊጋባይት፥ በትንሹ 10 ጊጋባይት ነው። ትልቁ የሲዲ ማስገቢያ አለው፤ ትንሹ የለውም።

ከእነዚህ መካከል ሰው ሁሉ የሚፈራው የሥዕሉን ነገር ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ ያነሰ ሆኖ አገኘሁት። ትልቁ የታሰበው 3840 በ2160፥ ማለት ከ8 ሚሊዮን በላይ ነጥብ ላለው ቴሌቪዥን ነው። ትንሹ የታሰበው 2560 በ1440፥ ማለት 3 ሚሊዮን 700 ሺህ ያህል ነጥብ ላለው ነው። በቤታችን ያለው ቴሌቪዥን ግን 1920 በ1080 ስለሆነ ነጥቡ ሁለት ሚሊዮን ከጥቂት ነው። ትልቁን ብንገዛ ተጨማሪውን ሥዕል የሚያሳይልን ቴሌቪዥን የለንም። ለማናየው ነጥብ ሁለት መቶ ዶላር መክፈል ብልኅነት አይመስለኝም። እስከዚህ ድረስ ትንሹ ይረታል፤ ሠሪዎቹም ሊመሰገኑ ይገባል።

የማስታወሻው ማነስ ግን አንድ ጊዜ ግልጽ ጉዳት አምጥቷል። ባልደርስ ጌት 3 የተባለው ጨዋታ በ2023 ለፕሌይስቴሽን 5 በሴፕቴምበር ሲወጣ ለኤክስቦክስ እስከ ዲሴምበር ዘገየ። ምክንያቱም ቴሌቪዥኑን ለሁለት ከፍሎ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚጫወትበት ክፍል በትንሹ መሣሪያ አልሠራ ብሎ ስላስቸገረ ነው። በመጨረሻም ለትንሹ ያ ክፍል ተትቶ ወጣ፤ የተመለሰለትም በ2025 ነው። ይህን ያነሣሁት ስለ ጨዋታው ብዬ አይደለም። በእኛ አገር መሣሪያ የሚገዛው ለአንድ ልጅ ሳይሆን ለቤቱ፥ ለጎረቤቱና ለአጎት ልጅ ሁሉ ስለሆነ፥ በመጀመሪያ የሚቀነሰው አብሮ መጫወት ሲሆን የሚጐዳው እንደኛ ያለው ቤት ነው።

ማከማቻውስ? ትንሹ ሲወጣ 512 ጊጋባይት ተብሎ ቢጻፍበትም፥ መሣሪያው ለራሱ ሥራ የሚይዘው ሲቀነስ ለጨዋታ የሚተርፈው 364 ጊጋባይት ብቻ ነው። ዛሬ አንድ ትልቅ ጨዋታ እስከ 100 ጊጋባይት መድረሱ የተለመደ ስለሆነ ሦስት ከገቡበት አራተኛው የሚገባው አንዱ ተባርሮ ነው። ማስፋፊያ ካርድ አለ፤ ነገር ግን መሣሪያው በወጣበት ጊዜ የ1 ቴራባይቱ ዋጋ 219.99 ዶላር ነበር። 299.99 እና 219.99 ሲደመር 519.98 ይሆናልና ከትልቁ መሣሪያ በለጠ። የኮር ታሪክ በአዲስ ልብስ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። በእርግጥ በርካሽ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ጨዋታውን አስቀምጦ በተፈለገ ጊዜ ወደ ውስጥ መመለስ ይቻላል፤ ለአዲሶቹ መሣሪያዎች የተሠራው ጨዋታ ግን ከውጭው ሃርድ ዲስክ ላይ በቀጥታ አይሠራም።

ይህ ሁሉ ግን ከሲዲው ነገር ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። እዚህ ላይ አንባቢው ጥቂት እንዲታገሠኝ እለምናለሁ።

በክፍላችን መሣሪያ ያላቸው ልጆች እንዴት እንደሚጫወቱ እንመልከት። አምስት ልጆች ናቸው እንበል፤ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሲዲ ቢገዙና ቢዋዋሱ አምስቱም አምስት ጨዋታ ተጫወቱ። ግዢው አምስት ብቻ ነው። ሲዲ በማይቀበል መሣሪያ ግን ጨዋታው በገዢው ስም ተመዝግቦ ስለሚቀመጥ፥ አምስቱም አምስቱን ለመጫወት ሃያ አምስት ግዢ ያስፈልጋል። አንድ ሰው የገዛውን ጨዋታ በሌላ በአንድ መሣሪያ ላይ እንዲሠራ የሚፈቅድ ደንብ መኖሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ለአንድ መሣሪያ ብቻ ነው፥ ያውም የራስን የመዝገብ ስም ለሌላው አሳልፎ መስጠት አለበት። የእኛ መዋዋስ እንደ ዕቁብ የሆነ ነገር ነው፤ ዕቁቡን የሚያፈርስ መሣሪያ በዋጋው ቢረክስም በዓመቱ ውድ ነው። ከ2020 ወዲህ የብዙ ትልልቅ ጨዋታዎች ዋጋ 69.99 ዶላር ስለደረሰ፥ ሁለት መቶ ዶላሩን ሦስት ጨዋታ ይበላዋል። ደግሞም ሲዲ የሰለቸው ሰው ይሸጠዋል ወይም በሌላ ይለውጠዋል፤ ከኢንተርኔት የወረደውን ግን የሚገዛው የለም።

ሁለተኛው የመስመሩ ነገር ነው። ፊዚክስ የተማረ ሁሉ ሊሠራው የሚችል ሒሳብ ነው። አንድ ባይት ስምንት ቢት ነው፤ ስለዚህ 100 ጊጋባይት 800,000 ሜጋቢት ይሆናል። የቤታችን መስመር በሴኮንድ 10 ሜጋቢት ሳያቋርጥ ቢያመጣ 80,000 ሴኮንድ፥ ማለት ከ22 ሰዓት በላይ ይፈጃል። መስመሩ 4 ሜጋቢት ከሆነ 200,000 ሴኮንድ፥ ማለት ሁለት ቀን ከነሌሊቱና ሰባት ሰዓት ተኩል ነው። ይህም መብራት ሳይጠፋ፥ እኅትም በዚያው መስመር ፊልም ሳታይ፥ እኔም ለመልቀቂያ ፈተና የሚያስፈልገኝን የድሮ ጥያቄ ሳልፈልግበት ነው። በስልክ ካርድ፥ በጊጋባይት እየከፈለ የሚያወርድ ሰው ካለማ ባያነበው ይሻላል።

ሦስተኛው የሱቁ ነገር ነው። ማይክሮሶፍትም ሆነ ሶኒ የጨዋታ ሱቃቸውን በይፋ ከከፈቱላቸው አገሮች መካከል ኢትዮጵያ የለችበትም። ስለዚህ እዚህ ያለ ተጫዋች በሌላ አገር ስም ይመዘገብና፥ በውጭ የሚኖር ዘመድ የስጦታ ካርድ ገዝቶ ቍጥሩን በስልክ እንዲልክለት ይጠብቃል። ዘመድ ያለው ይህን ያደርጋል፤ አክስቴም እንደማይነፍጉኝ አውቃለሁ። ነገር ግን በየወሩ «እትዬ፥ ካርዱ አለቀ» እያሉ መደወል ለደዋዩም ለተደዋዩም የሚያሳፍር ነው፤ አክስቴ በሌሊት ፈረቃ የሚሠሩ ሰው ናቸው።

አንድ የክፍል ጓደኛዬ በአንድ ሱቅ «አዲስ ነው፥ ቀጭን ነው» ተብሎ ሲዲ የማይቀበል መሣሪያ ገዛ። ሱቁንም የመሣሪያውንም ስም አላነሣም። ከአጎቱ ልጅ ሦስት ሲዲ ተውሶ ቤቱ ሲደርስ ማስገቢያውን ፈለገ፥ አጣው። መሣሪያውን ሲያገላብጥ እኅቱ «ምናልባት ከሥሩ ይሆናል» ብላ ታግዘው ነበር አሉ። ሻጩ ዋሸ ለማለት አልችልም፤ አዲስም ቀጭንም ነበር። ያልተነገረው የጎደለው ነው።

በእኔ አሳብ የማይስማሙ የክፍል ጓደኞቼ ሦስት መከራከሪያ ያመጣሉ፤ ሁሉም ባዶ አይደሉም። አንደኛው «ሲዲውም ቢሆን ዛሬ ባዶ ሆኗል» ይላል። እውነት አለው። በ2022 የወጣው ኮል ኦፍ ዱቲ ሞደርን ዋርፌር 2 ለፕሌይስቴሽን 5 በሲዲ ሲሸጥ በሲዲው ላይ የነበረው ከ100 ሜጋባይት ያነሰ ነበር፤ የቀረው ሁሉ ከኢንተርኔት ይወርዳል። እንዲህ ያለውን ሲዲ መግዛት የቤት ቍልፍ ገዝቶ ቤቱን ራስህ ሥራ እንደ መባል ነው። ቢሆንም ያ ሲዲ እንኳ ሊሸጥና ሊዋዋስ ይችላል፤ ደግሞም እንደዚያ ያልሆኑ ብዙዎች አሉ። ሁለተኛው «በወር ከፍሎ ብዙ ጨዋታ የሚገኝበት ጌም ፓስ አለ» ይላል። ይህም መልካም ነገር ነው፤ ለትንሹ መሣሪያ ዋናው መከራከሪያም እርሱ ነው። ግን በ2025 የትልቁ ጌም ፓስ ዋጋ በአሜሪካን አገር በወር ከ19.99 ወደ 29.99 ዶላር ከፍ ማለቱን ልብ ማለት ይገባል። በዚያ ዋጋ በዓመት 359.88 ዶላር ይመጣ ነበር፤ መክፈል ባቆሙ ዕለትም የጨዋታው መዝገብ ይዘጋል። ሦስተኛው «እኛ ቤት ገደብ የሌለው ፈጣን መስመር አለ፥ አባቴም የውጭ ምንዛሪ ካርድ አላቸው» ይላል። ለእርሱ መልስ የለኝም። እንዲህ ላለው ቤት ትንሹ መሣሪያ በእውነት ርካሽ ነው፤ ይግዛው።

ስለ ፕሌይስቴሽን 5 ጥቂት ልጨምር። ሶኒ በ2020 ሲጀምር ሲዲ የሚቀበለውን 499.99፥ የማይቀበለውን 399.99 ዶላር አድርጎ ሸጠ። በሁለቱ መካከል ከማስገቢያው በቀር የጉልበት ልዩነት የለም፤ በዚህ ከማይክሮሶፍት ይልቅ ቅን ነበር እላለሁ። በ2023 መጨረሻ ደግሞ ማስገቢያውን ለብቻው በ79.99 ዶላር ገዝቶ የሚገጠምበት አዲስ ዐይነት አወጣ፤ ሲገጠምም ለመጀመሪያ ጊዜ ኢንተርኔት ይፈልጋል። አሳቡ መልካም ነው፤ በሩን ዛሬ ባትችል ነገ ታስገጥመዋለህ። ዳሩ ግን ዋጋው በ2025 ክረምት በአሜሪካን አገር ሲጨመር ሙሉው 549.99፥ ማስገቢያ የሌለው 499.99 ሆነ። ልዩነቱ 50 ዶላር ብቻ ሆኖ ሳለ ማስገቢያውን ኋላ የሚገዛ ሰው በዚያ ጊዜ 579.98 ይከፍል ነበር። በዚያው ዓመት ኤክስቦክስም ሁለት ጊዜ ዋጋ ጨምሮ ትንሹ ሲሪስ ኤስ በ399.99 ዶላር ተሸጠ። «ርካሽ» የሚለው ስም እንደ ቀረ ነው፤ ዋጋው ግን በ2020 ከነበረበት 100 ዶላር ከፍ ብሏል።

ይህን ሁሉ ለአባቴ ካስረዳሁ በኋላ «ታዲያ ትልቁ ይምጣ ትላለህ?» አሉኝ። እኔም አይደለም አልኩ። ሲዲ የሚቀበለው አዲሱ መሣሪያ ከአቅማችን በላይ ነው፤ ሲዲ የማይቀበለው ደግሞ ለቤታችን በር የለውም። በመካከል ያለው ሦስተኛ መንገድ በ2016 የወጣው፥ አሁንም በየሱቁ ያገለገለ ሆኖ የሚገኘው ቀጭኑ ፕሌይስቴሽን 4 ነው። አርጅቷል፤ ሥዕሉም ከአዲሶቹ ያንሳል። ነገር ግን ሲዲ ይቀበላል፤ በሰፈራችን የሚዋዋሰው ሲዲ ሁሉ የእርሱ ነው። በ2025 የወጣው ኤፍሲ 26 እንኳ ለእርሱም ተሠርቷል። የኳሱ ጨዋታ ከ2023 ጀምሮ ስሙን ቢለውጥም እኛ ዛሬም ፊፋ እንለዋለን፤ ታናሽ ወንድሜም የሚፈልገው እርሱን ብቻ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ አንድ ቀን ገንዘብ ሲገኝ ሲዲ የሚቀበል ፕሌይስቴሽን 5 ብንገዛ፥ አሁን የምንሰበስባቸው የፕሌይስቴሽን 4 ሲዲዎች ከጥቂቶች በቀር በእርሱም ይሠራሉ። ሲዲ የማይቀበለውን ብንገዛ ግን ሁሉም መደርደሪያ ላይ ይቀራሉ። አክስቴም ሻንጣቸው ስለቀለለላቸው ደስ አላቸው፤ በቀረው ገንዘብ ለእናቴ ጫማ አመጣለሁ ብለዋል።

ያገለገለ መሣሪያ ለሚገዛ ሰው ግን ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ከአሜሪካን አገር የመጣ ማናቸውንም የኤሌክትሪክ ዕቃ ከመሰካት በፊት በጀርባው የተጻፈውን ቮልት ማንበብ ነው፤ 110 ብቻ የሚል ከሆነ ያለ ትራንስፎርመር በእኛ 220 ላይ አይሰካም። ቀጥሎ መሣሪያው ሲሞቅ ማራገቢያው ምን ያህል እንደሚጮኽ ለግማሽ ሰዓት አስነሥቶ መስማት ነው። የጆይስቲኩን አውራ ጣት መንኪያ ለቅቆ፥ በቴሌቪዥኑ ላይ ያለው ሰው ማንም ሳይነካው የሚሄድ እንደሆነ መመልከት ነው። ሲዲውንም ሻጩ በሚያቀርበው ብቻ ሳይሆን፥ ከጓደኛ በተዋሱት አንድ አሮጌና ጥቂት በተጫረ ሲዲ መሞከር ይበጃል። ማስገቢያው ሲዲውን ስቦ ማስገባቱ ብቻ አይበቃም፤ ጨዋታው ተከፍቶ ተጫዋቾቹ ወደ ሜዳ እስኪገቡ ድረስ መጠበቅ ያስፈልጋል። ሻጩ «ቸኩያለሁ» ቢል ሌላ ሱቅ አለ።